ቅርጹን የሚለውጥ አካል ሲገጥመን የትኛውን የኢነርጂ ስሌት እንምረጥ?

ከጣርማበር ዋሻ ወጥቶ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ የጭነት መኪና ፍሬን ሲይዝ ወደ ኋላ የሚገፋው ዋናው ውጫዊ ኃይል የአስፋልቱ ሰበቃ ነው። አየሩ ጥቂት ያግዛል፤ ከዚያ ውጪ መኪናውን የሚይዝ ነገር የለም። መኪናው ደብረ ሲና ደርሶ ሲቆም ግን የጋለው አስፋልቱ ሳይሆን የፍሬን ሸራውና ቸርኬው ነው። ኃይሉ የመጣው ከአንድ ቦታ፣ ሙቀቱ የተገኘው በሌላ ቦታ ነው። ይህን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪም ለምህንድስና ተማሪም ብታቀርቡ፣ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት መልስ «አስፋልቱ አሉታዊ ሥራ ስለሠራበት ቆመ» የሚል ነው። ይህ መልስ መኪናው በስንት ሜትር እንደሚቆም በትክክል ያወጣል። ኢነርጂው ከየት ወጥቶ የት እንደ ገባ ግን ፈጽሞ አይነግርም፤ እንዲያውም ወደ ተሳሳተ ቦታ ይጠቁማል።

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ሜካኒክስ የሚማሩና የሚያስተምሩ ሰዎች ደጋግመው የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ሥራ የሚለውን ሐሳብ መጀመሪያ የምንማረው በነጥብ ነው። ነጥብ ውስጥ የለውም፤ አይታጠፍም፣ አይሞቅም፣ አይሰበርም። ከዚያ ያንኑ ቀመር ወደ መኪና፣ ወደ ሰው፣ ወደ ጎማ፣ ወደ ድልድይ እንወስደዋለን። እነዚህ ሁሉ ውስጥ አላቸው፤ ቅርጻቸውንም ይለውጣሉ። ለእነርሱ አንድ ሳይሆን በርካታ የስሌት መንገዶች አሉ፤ እያንዳንዱም የሚመልሰው ጥያቄ የተለየ ነው።

ውስጣዊ ሥራ ለምን አይጠፋፋም

ኒውተን በሦስተኛ ሕጉ እንዳለው ኃይሎች ጥንድ ጥንድ፣ እኩልና ተቃራኒ ናቸው። ስለዚህ በአንድ አካል ውስጥ ያሉ ክፍሎች እርስ በርሳቸው የሚገፋፉባቸው ኃይሎች ሲደመሩ ዜሮ ይሆናሉ። እስከዚህ ድረስ ማንም አይከራከርም። ስሕተቱ «እንግዲያው ሥራቸውም ዜሮ ነው» በማለት ይጀምራል። ሥራ ማለት ኃይሉ፣ ያረፈበት ነጥብ በሄደበት ርቀት ሲባዛ ነው። ሁለቱ ነጥቦች የሄዱት ርቀት እኩል ካልሆነ፣ እኩል ኃይሎች የሠሩት ሥራ እኩል አይሆንም፤ አይጠፋፋምም።

በሁለት ጋሪዎች መካከል የታመቀ ስፕሪንግ ሲለቀቅ ሁለቱም ጋሪዎች ወደየአቅጣጫቸው ይፈናጠራሉ። ከውጭ ማንም አልገፋቸውም። ጋሪዎቹንና ስፕሪንጉን እንደ አንድ አካል ብንወስድ የጠቅላላው አካል የመጠነ ቁስ ማዕከል (መጠነ ቁሱ ሁሉ እንደ ተሰበሰበበት የሚቆጠረው ነጥብ) ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ የእንቅስቃሴ ኢነርጂው ግን ከዜሮ ተነሥቶ አድጓል። ያሳደገው ውስጣዊ ሥራ ነው።

ውስጣዊ ሥራ ዜሮ የሚሆንበት አንድ የታወቀ ሁኔታ አለ፦ አካሉ ፍጹም ግትር ሲሆን። በግትር አካል ውስጥ የማንኛውም ሁለት ነጥቦች ርቀት አይለወጥም፤ ስለዚህ እርስ በርስ የሚገፋፉበት ኃይል የሚሠራበት ርቀት የለውም። ግትር አካል ግን በወረቀት ላይ ካልሆነ የትም የለም።

ቸል መባል የሌለበት ሌላም ባሕርይ አለ። የአንድ ኃይል ሥራ እንደ ተመልካቹ ይለያያል። ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ስፕሪንግ የሚጎትት ሰው የቀኝ እጁ የሠራውን ሥራ ራሱ የሚለካው በአንድ ቁጥር፣ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ደግሞ በሌላ ቁጥር ነው። የሁለቱ እጆች ሥራ ሲደመር ግን ሁለቱም ተመልካቾች አንድ ቁጥር ያገኛሉ፤ ምክንያቱም የእኩልና ተቃራኒ ኃይሎች ጥንድ የሚሠራው ድምር የሚወሰነው በሁለቱ ነጥቦች መራራቅ ወይም መቀራረብ ብቻ ነው። የሞቀ ብረት ለማንኛውም ተመልካች የሞቀ ነው። ስሌቱም ከዚህ ጋር ይስማማል።

የመጀመሪያው ምርጫ፦ የማዕከሉ ስሌት

በዚህ መንገድ የውጫዊ ኃይሎች ድምር የመጠነ ቁስ ማዕከሉ በሄደበት ርቀት ይባዛል፤ ውጤቱም የማዕከሉ የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ለውጥ ይሆናል። ሁልጊዜ ትክክል ነው። አካሉ ቢታጠፍ፣ ቢሞቅ፣ ቢፈነዳ እንኳ አይናወጥም፤ ምክንያቱም በመሠረቱ የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ሌላ መልክ ነው። ትልቁ ጥንካሬው ይህ ሲሆን ድክመቱም ከዚሁ ይመጣል። ስለ አካሉ ውስጥ ምንም ስለማይጠይቅ፣ ስለ ውስጡ ምንም አይመልስም።

60 ኪሎ ግራም የምትመዝን ሴት ቁጢጥ ብላ ተነሥታ ዘለለች እንበል። እግሯ ከመሬት እስኪለቅ ድረስ የሰውነቷ ማዕከል 0.4 ሜትር ከፍ ብሏል፤ ስትለቅ ፍጥነቷ በሰከንድ 2.5 ሜትር ነበር። መሬቱ በአማካይ ስንት ኒውተን ገፋት? ክብደቷ 588 ኒውተን ነው። የእንቅስቃሴ ኢነርጂዋ 187.5 ጁል ሆኗል። ይህን ለ0.4 ስናካፍል 469 ኒውተን ገደማ ይመጣል፤ ክብደቷን ስንጨምርበት መሬቱ በ1057 ኒውተን ገፍቷታል። መልሱ በሁለት መስመር አለቀ።

አሁን ጥያቄውን እንለውጠው፦ ኢነርጂውን ማን ሰጣት? የማዕከሉ ስሌት ላይ የተደገፈ ተማሪ «መሬቱ» ይላል። መሬቱ ግን አልተንቀሳቀሰም፤ ጫማዋ ያረፈበት ነጥብም አልተንቀሳቀሰም። ኃይል አለ፣ ርቀት የለም፣ ሥራ የለም። መሬት ለሚዘልል ሰው ኢነርጂ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ከአንኮበር ቁልቁለት ሥር ተነሥቶ አቀበቱን የሚወጣ ገበሬ ባልራበው ነበር። ሰጪው ጡንቻዋ ነው፤ ከምግቡ የተገኘው ኬሚካዊ ኢነርጂ 187.5 ጁል እንቅስቃሴ፣ 235 ጁል ከፍታ፣ በዚያ ላይ የሰውነት ሙቀት ሆነ። የማዕከሉ ስሌት ይህን ሊያይ አይችልም፤ አልተሠራለትምና።

ስለዚህ ይህን መንገድ ምረጡ፦ የተጠየቃችሁት ፍጥነት፣ የመቆሚያ ርቀት ወይም አማካይ ኃይል ከሆነ። ስትጠቀሙበት ግን ያገኛችሁትን ቁጥር «መሬቱ የሠራው ሥራ» ወይም «አስፋልቱ የወሰደው ኢነርጂ» ብላችሁ አትጻፉ። የፈተና ወረቀት ላይ ይህን የምትለይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስታጋጥመኝ ከልብ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ምርጫ፦ ሙሉው የኢነርጂ ሒሳብ

እዚህ ላይ ሥራ የሚለካው ኃይሉ በእውነት ባረፈበት ነጥብ ነው። ውጫዊ ኃይሎች በየመነኪያ ነጥቦቻቸው የሠሩት ሥራ፣ በሙቀት መልክ ከገባው ወይም ከወጣው ጋር ተደምሮ፣ የአካሉን ጠቅላላ ኢነርጂ ለውጥ ይሰጣል፦ የማዕከሉን እንቅስቃሴ፣ ከማዕከሉ አንጻር ያለውን መሽከርከርና መንቀጥቀጥ፣ የታመቀውን፣ ኬሚካዊውንና የሙቀቱን ሁሉ። ቴርሞዳይናሚክስ የመጀመሪያው ሕግ ብሎ የሚጠራው ይኸው ነው።

መኪናችንን በዚህ እንየው። ጎማው ሳይንሸራተት ሲንከባለል አስፋልቱን የነካው ክፍል በዚያች ቅጽበት ቆሟል። ስለዚህ የአስፋልቱ ሰበቃ ሥራ ዜሮ ነው። የፍሬን ሸራው ግን ከሚሽከረከረው ብረት ጋር ይታከካል፤ በሁለቱ መካከል አንጻራዊ እንቅስቃሴ አለ፤ ውስጣዊ ሥራው አሉታዊ ነው፤ የእንቅስቃሴውና የከፍታው ኢነርጂ እዚያው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሾፌሩ ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ ጎማው ተቆልፎ ቢንሸራተትስ? ያን ጊዜ ሸራው አይታከክም፤ የሚታከከው ጎማውና አስፋልቱ ነው፤ ሙቀቱም ወደዚያ ይሄዳል፤ አስፋልቱ ላይ የሚቀረው ጥቁር ጭረት ምስክር ነው። ሰበቃው በሁለቱም ጊዜ እኩል ቢሆን የማዕከሉ ስሌት በሁለቱ መካከል ምንም ልዩነት አያይም። ሙሉው ሒሳብ ግን አንዱን ፍሬን ውስጥ፣ ሌላውን ጎማ ሥር ያስቀምጠዋል። በሁለቱ ስሌቶች መካከል ያለውን ርቀት ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

መጠኑንም እንመልከት። ጣርማበር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ይላል፤ ሸዋ ሮቢት በ1300 ሜትር አካባቢ ናት። በዚህ መንገድ 20 ቶን የሚመዝን መኪና 1500 ሜትር ብቻ ወረደ ብንል እንኳ 294 ሚሊዮን ጁል ይለቅቃል። ይህ 1000 ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 90 ዲግሪ ለማድረስ ይበቃል፤ 90 ዲግሪ አካባቢ ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ነው። የጎማው መተጣጠፍና አየሩ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ የቀረው ሁሉ መውጫ ይፈልጋል። ሾፌሩ በዝቅተኛ ማርሽ ከወረደ ሞተሩ ናፍጣ ሳይረጭ አየር እየጨመቀና እየታከከ ብዙውን ይቀበላል፤ ሙቀቱም በጭስ ማውጫና በራዲያተር ይወጣል። በነጻ ማርሽ ፍሬን ላይ ብቻ ተደግፎ ከወረደ ግን ሙቀቱ ሁሉ የሚጠራቀመው በፍሬኑ ብረትና ሸራ ውስጥ ነው። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል የሰበቃው መጠን ይወርዳል፤ ፔዳሉ ተረግጦ መኪናው አይቆምም። የመኪናው ማዕከል በሁለቱም ሁኔታ አንድ ዓይነት ፍጥነት ሊኖረው ይችላል፤ የሰው ሕይወት የሚወሰነው ግን ኢነርጂው በየት በኩል እንደወጣ ነው። ይህ ጉዳይ ለእኔ ከመማሪያ ክፍል በላይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በመልስ ጉዞው ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ያንኑ 1500 ሜትር ለመውጣት ቢያንስ 294 ሚሊዮን ጁል ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሚሊዮን ጁል ያህል ይይዛል፤ ሞተሩ ከዚህ 35 በመቶውን ወደ ሥራ ቢለውጥ ለከፍታው ብቻ 23 ሊትር ገደማ ይነድዳል። መኪናውን ወደ ላይ የሚገፋው ውጫዊ ኃይል አሁንም የአስፋልቱ ሰበቃ ነው፤ አሁንም ሥራው ዜሮ ነው። ከፋዩ ናፍጣው ነው።

ጎማን በተመለከተ አንድ ነገር ላክል። ጎማ በዞረ ቁጥር አስፋልቱን የሚነካው ክፍሉ ይጨፈለቅና ይመለሳል። ጎማው ሲጨፈለቅ የሚቀበለውን ሥራ ሲመለስ ሙሉ በሙሉ አይመልስም፤ ልዩነቱ በጎማው ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አየሩ የጎደለ ጎማ በየዙሩ ይበልጥ ስለሚጨፈለቅ ይበልጥ ይሞቃል፤ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲወረድ የአካባቢው ሙቀት ሲታከልበት የመፈንዳት አደጋው ይጨምራል።

ሙሉው ሒሳብ የራሱ ችግር አለው፦ አንዳንዴ የሚጠይቃችሁን ቁጥር ልታውቁት አትችሉም። ወለል ላይ የሚንሸራተት ሣጥን ውሰዱ። ሰበቃው በእውነት የሚያርፈው በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን እብጠቶች ላይ ነው፤ እነዚህ እየታጠፉ፣ እየተበጠሱ፣ እየተጣበቁ ይሄዳሉ፤ የእነርሱ መሄጃ የሣጥኑ መሄጃ አይደለም። ስለዚህ ሣጥኑን ለብቻው ወስዶ «ስንት ጁል ሣጥኑ ውስጥ ገባ፣ ስንቱ ወለሉ ውስጥ» ብሎ ከሰበቃው መጠን ብቻ ማወቅ አይቻልም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሣጥኑንና ወለሉን አንድ ላይ እንደ አንድ ሥርዓት ውሰዱ። ያን ጊዜ የሁለቱ ጠቅላላ ሙቀት ሰበቃው ሣጥኑ በተንሸራተተበት ርቀት ተባዝቶ ይገኛል። የፍሬን ሸራውንና ብረቱን ከላይ አንድ ላይ የያዝኩትም ለዚህ ነው።

ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም፦ ግጭት

ለግጭት ጥያቄ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አይመከርም። ኃይሉን በማዕከሉ ስሌት አውጡ፤ ኢነርጂውን በሙሉው ሒሳብ አካፍሉ።

1000 ኪሎ ግራም የሆነች የቤት መኪና በሰከንድ 15 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር፣ እየሄደች ከማይነቃነቅ የድንጋይ ግንብ ጋር ተጋጨች። አፍንጫዋ 0.6 ሜትር ገባ። የእንቅስቃሴ ኢነርጂዋ 112,500 ጁል ነበር፤ ማዕከሏ ከተጋጨች በኋላ 0.6 ሜትር ስለሄደ አማካይ ኃይሉ 187,500 ኒውተን ነው። ግንቡ ስንት ጁል ወሰደ? ምንም። የመነኪያው ነጥብ አልተንቀሳቀሰምና የግንቡ ሥራ ዜሮ ነው። 112,500 ጁሉ በሙሉ የገባው የመኪናዋን ብረት በማጨማደድ ውስጣዊ ሥራ ላይ ነው።

አሁን በግንቡ ፈንታ የሚታጠፍ የብረት መከላከያ አለ እንበል። የመኪናዋም የመከላከያውም ኃይል ከጭምድድታቸው ጋር እኩል ያድጋል ብለን፣ መኪናዋ 0.3 ሜትር ስትጨማደድ መከላከያው 0.9 ሜትር ወደ ኋላ ታጠፈ። ማዕከሏ 1.2 ሜትር ሄደ፤ አማካይ ኃይሉ 93,750 ኒውተን ሆነ፣ የቀድሞው ግማሽ። መከላከያው የወሰደው በመነኪያው ነጥብ ርቀት ነው፦ 84,375 ጁል። ለመኪናዋ የቀረው 28,125 ጁል፣ የቀድሞው አንድ አራተኛ። ኃይሉ በግማሽ ሲቀንስ የመኪናዋ ጉዳት በአራት እጥፍ ቀነሰ። በማዕከሉ ስሌት ብቻ ብንሠራ ይህን አንድ አራተኛ ፈጽሞ አናየውም ነበር።

ከዚህ ተነሥቼ በመንገድ ዳር መከላከያ ምርጫ ላይ ያለኝን አቋም ልናገር። ከመንገዱ ባሻገር መከላከያው የሚታጠፍበት ሜዳ ካለ የሚታጠፍ ብረት እመርጣለሁ። ዳሩ በቀጥታ ገደል በሆነበት የጣርማበር ዓይነት መታጠፊያ ግን መከላከያው የሚሄድበት አንድ ሜትር የለም፤ እዚያ የማይነቃነቅ ግንብ ወይም ኮንክሪት ይሻላል። የበለጠው ኢነርጂ በመኪናው ላይ እንደሚያርፍ አውቀን የምንከፍለው ዋጋ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ንጽጽር አለ። ሁለት እኩል መኪኖች እያንዳንዳቸው በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ፊት ለፊት ቢጋጩ፣ ከግንብ ጋር በ108 ከመጋጨት ጋር እኩል ነው ይባላል። አይደለም። የጠቅላላው ውስጣዊ ሥራ 225,000 ጁል ነው፤ ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 112,500 ይደርሰዋል፣ ልክ ግንብ ላይ በ54 እንደ ተጋጨው። አንዱ መኪና በ108 ግንብ ቢመታ ግን 450,000 ጁል ብቻውን ይውጣል።

የተጨማደደው ብረት ኢነርጂስ የት ሄደ? አብዛኛው ሙቀት ሆኗል። ጄፍሪ ቴይለርና ክዊኒ በ1934 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ብረት በቋሚነት ሲታጠፍ ከሚሠራበት ሥራ ትልቁ ክፍል፣ ብዙ ጊዜ 90 በመቶ የሚጠጋው፣ ወደ ሙቀት እንደሚለወጥ፣ ጥቂቱ ብቻ በብረቱ ቅንጣቶች አደራደር ውስጥ ታምቆ እንደሚቀር አሳይተዋል። ሽቦ ወዲያና ወዲህ እያጠፈ የሰበረ ልጅ ሁሉ ጣቱን አቃጥሎት ያውቀዋል።

የሜካኒካል ኢነርጂ ጥበቃን መቼ እንመን

ይህ መንገድ የእንቅስቃሴው፣ የከፍታውና የታመቀው ኢነርጂ ድምር አይለወጥም ይላል። መቼ ይታመናል? ባጭሩ፦ ውስጣዊ ኃይሎቹ የወሰዱትን ሥራ መልሰው የሚሰጡ ሲሆኑ ብቻ። በልኩ የተጎተተ ስፕሪንግ፣ በልኩ የታጠፈ የመኪና ባሌስትራ ለመጀመሪያ ግምት ይሆናሉ፤ ምንም እንኳ የባሌስትራው ቅጠሎች እርስ በርስ ሲታከኩ ጥቂት ቢበሉም። ሾክ አብዞርበር፣ ጭቃ፣ ሥጋ፣ የተጨማደደ ቆርቆሮ፣ ጎማ ካለ ይህን መንገድ ተዉት። ፈተና ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚቀናው ይህ ስለሆነ ከሁሉ ይልቅ ያለ ቦታው የሚገባውም ይኸው ነው።

ለግንባታ ተማሪዎች፦ ካስቲሊያኖ ወይስ አሃዳዊ ጭነት?

የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ውስጣዊ ሥራን የሚያገኘው በሌላ በር ነው። መኪናው ይቀርና አውታሩ፣ ጣሪያውና ድልድዩ ይመጣል፤ ጥያቄውም «ስንት ሚሊ ሜትር ይጎብጣል?» ይሆናል።

ወንዝ ለመሻገር የተጋደመ የባሕር ዛፍ ግንድ እንውሰድ። ርዝመቱ በሁለቱ ድጋፎች መካከል 4 ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር፣ የግትርነቱ ልክ 12 ጊጋፓስካል ነው እንበል። ጭነት የተሸከመ ሰው ከነሸክሙ 1000 ኒውተን ሆኖ መካከሉ ላይ ቆመ። ግንዱ 4.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይጎብጣል። ጭነቱ ቀስ ብሎ ያረፈ ከሆነ የውጫዊው ሥራ የኃይሉና የጉብጠቱ ብዜት ግማሽ ነው፤ 2.2 ጁል ገደማ፤ እርሱም በሙሉ ግንዱ ውስጥ ይታመቃል። ሰውየው ግንዱን ብቻ ነክቶ ክብደቱን በአንድ ጊዜ ቢለቅስ? ክብደቱ ከመጀመሪያው ሙሉ ስለሆነ ሥራው በእጥፍ ይሆናል፤ ትርፉ ግማሽ ግንዱን ወደ 9 ሚሊ ሜትር ያወርደዋል፤ ከዚያ ግንዱ እየተወዛወዘ ትርፉን በውስጣዊ ሰበቃ ወደ ሙቀት ለውጦ 4.5 ላይ ያርፋል። ከግማሽ ሜትር ከፍታ ዘልሎ ቢያርፍበት ደግሞ ቀመሩ የጉብጠቱን 16 እጥፍ፣ ከ70 ሚሊ ሜትር በላይ ይሰጣል። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ሰውየውን እንደ ግትር ድንጋይ፣ ግንዱንም ክብደት እንደሌለው ይቆጥራል። በእውነቱ ሰው ጉልበቱን አጥፎ ያርፋል፤ ጡንቻው ከኢነርጂው ብዙውን ይውጣል፤ የግንዱ ክብደትም ምቱን ይቀንሰዋል። ቁጥሩን እንደ ጣሪያ እንጂ እንደ ትንበያ አትውሰዱት።

ጉብጠቱን ለማውጣት ሁለት ታዋቂ የኢነርጂ መንገዶች አሉ። ጣሊያናዊው ካርሎ አልቤርቶ ካስቲሊያኖ በ1873 እ.ኤ.አ. በቱሪን ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፉ፣ በአካሉ ውስጥ የታመቀውን ኢነርጂ በአንድ ኃይል ልክ ገልጾ በዚያ ኃይል መጠን ለውጡን ማስላት፣ ኃይሉ ባረፈበት ቦታ ያለውን ጉብጠት እንደሚሰጥ አሳየ። ውብ መንገድ ነው። ጭነቱ አንድ ሲሆን፣ ጉብጠቱም የሚፈለገው እዚያው ጭነቱ ባረፈበት ሲሆን ከእርሱ የሚፈጥን የለም። ደግሞ ድጋፎቹ ከሚዛን ሕግ በላይ ሲሆኑ የትርፉን ድጋፍ ኃይል ለማውጣት በጣም ያግዛል። ነገር ግን ቁሱ ኃይሉና ጉብጠቱ በቀጥታ የሚመጣጠኑበት መሆን አለበት፤ ካልሆነ የታመቀውን ኢነርጂ ሳይሆን ተጓዳኙን ኢነርጂ (ከኃይሉና ከጉብጠቱ ብዜት ላይ የታመቀው ሲቀነስ የሚቀረውን) መጠቀም ግድ ይላል።

ሁለተኛው አሃዳዊ ጭነት የሚባለው ነው። ሥሩ ዮሐን ቤርኑሊ በ1717 እ.ኤ.አ. በደብዳቤ የገለጸው የምናባዊ ሥራ መርሕ ሲሆን፣ ማክስዌል በ1864፣ ሞር ደግሞ በ1874 ለግንባታ አውታሮች አበጁት። ጉብጠቱ በሚፈለግበት ቦታ የ1 ኒውተን ምናባዊ ጭነት ይቀመጣል፤ ያ ጭነት የፈጠራቸው ውስጣዊ ኃይሎች በእውነተኛው የቅርጽ ለውጥ ላይ የሚሠሩት ሥራ ተደምሮ ጉብጠቱን ይሰጣል። እዚህ ላይ ምናባዊው ኃይልና እውነተኛው የቅርጽ ለውጥ እርስ በርስ ምክንያትና ውጤት መሆን የለባቸውም፤ ኃይሉ ሚዛኑን ይጠብቅ፣ የቅርጽ ለውጡም የተያያዘና ትንሽ ይሁን እንጂ ሌላ ቅድመ ሁኔታ የለም። ቁሱ ምን ዓይነት እንደሆነ አይጠይቅም።

ለእኛ አካባቢ ወሳኝ የሚሆነው ልዩነት የሙቀት ጉዳይ ነው። ደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ፀሐይ ነው። 30 ሜትር የሆነ የብረት አውታር ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲለወጥ ከ7 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ጫፉ ነጻ ከሆነ ውስጡ ምንም ውጥረት አይፈጠርም፤ የታመቀ ኢነርጂ የለም፤ መርዘሙ ግን አለ። ካስቲሊያኖን በመጀመሪያ መልኩ የያዘ ተማሪ ከሌለ ኢነርጂ ውስጥ ጉብጠት ሊያወጣ አይችልም። አሃዳዊ ጭነት የያዘው ግን የሙቀቱን መርዘም እንዳለ አስገብቶ ይሠራዋል። መሠረቱ በጥቁር አፈር ላይ ያረፈ ቤት አንድ ጥጉ ሲሰምጥም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አንዱን ብቻ በደንብ ለመቻል ጊዜ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ አሃዳዊ ጭነትን ይማር እላለሁ፤ ካስቲሊያኖን ከዚያ በኋላ በአንድ ከሰዓት ይደርስበታል።

ኮምፒውተሩ ሲሠራው

ግጭትን ወይም ትልቅ የቅርጽ ለውጥን በእጅ ማስላት የሚቻለው እስከ አንድ ደረጃ ነው፤ ከዚያ በላይ አካሉን ወደ ብዙ ትንንሽ ቁርጥራጮች ከፋፍለው የሚያሰሉ ፕሮግራሞች ይረከባሉ። ፕሮግራሙ በሚሰጠው ባለ ቀለም ሥዕል ላይ አትቸኩሉ። መጀመሪያ የኢነርጂውን ሠንጠረዥ ክፈቱ፦ የእንቅስቃሴው፣ የውስጣዊው፣ የንክኪው፣ የውጫዊ ሥራው። በግጭት ጥያቄ የእንቅስቃሴው ሲወርድ ውስጣዊው ሊወጣ፣ ድምሩም ከውጫዊ ሥራው ጋር ሲተያይ ሳይናወጥ ሊቀጥል ይገባል። አወርግላስ የሚባለው፣ ቁርጥራጮቹ ያለ ተቃውሞ ሲተጣጠፉ ፕሮግራሙ ራሱ ለማረም የሚጨምረው ሰው ሠራሽ ኢነርጂ፣ ከውስጣዊው 10 በመቶ ካለፈ የቁርጥራጮቹን መጠን አሳንሱ ወይም ዓይነታቸውን ለውጡ። የንክኪው ኢነርጂ ከዜሮ በታች ጎልቶ ከወረደ ደግሞ አንዱ አካል ሌላውን በስቶ ገብቷል ማለት ነው፤ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር የንክኪውን አቀማመጥ አስተካክላችሁ ስሌቱን ከመጀመሪያው አስጀምሩት።